የቆመ ድሪል ቸክ አልወጣ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሰበሰብኳቸው ብረታ ብረት ቤት ከሚለማመዱ ልጆችና ስልክ ከሚደውሉልኝ ባልደረቦች ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው መዶሻው ከተነሳ በኋላ ነው። "ጋሼ፣ ቸኩ አልወጣ አለ" ይሉኛል፤ ሄጄ ሳየው ዙሪያው ተቀጥቅጦ የእንጀራ ዓይን መስሏል።

በቃላቱ እንግባባ። የቆመ ድሪል የምለው በምሰሶ ላይ ተተክሎ ቁልቁል የሚበሳውን ማሽን ነው። ቸክ የምለው ፑንታውን፣ ማለትም የሚበሳውን ጠመዝማዛ ብረት፣ የሚነክሰውን ነው። ስፒንድል ቸኩን ይዞ የሚዞረው ዘንግ ነው። ስፒንድሉ በውስጡ የተቀመጠበትን፣ እጀታውን ስትስቡ ቁልቁል የሚወርደውን ወፍራም ብረት ደግሞ እኛ ቤት "ቱቦው" ነው የምንለው፤ እዚህም እንደዚያው እለዋለሁ።

ቸኩን ይዤ ባዞረው ባዞረው አይፈታም። የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ?

ወደ የትም። የቆመ ድሪል ቸክ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቡሎን በጥርስ የታሰረ አይደለም። ከጀርባው አርበር የሚባል ሾጣጣ ዘንግ አለ፤ እሱም ስፒንድሉ ሆድ ውስጥ ባለ ልክክ ያለ ሾጣጣ ጉድጓድ ይወተፋል። ሱቅ ውስጥ ተደራርበው የከረሙ የፕላስቲክ ባልዲዎችን ለማላቀቅ የታገለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ባልዲውን የያዘው ሙጫ አይደለም፤ ጎን ጎንን ነክሶ ነው።

ሾጣጣው ሞርስ ቴፐር ይባላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1863 ጠመዝማዛውን ፑንታ በስሙ ካስመዘገበው አሜሪካዊ ከስቲቨን ሞርስ ነው። በየ20 ሚሊ ሜትር ርዝመት የሚሰፋው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ የአንድ ጎኑ ዘንበል 1 ዲግሪ ተኩል እንኳ አይሞላም። ብረት በብረት ላይ በራሱ እንዲንሸራተት ከዚህ ብዙ እጥፍ ዘንበል ይፈልጋል። ስለዚህ አንዴ ከተነከሰ አይለቅም፤ ፑንታውን ቁልቁል በተጫናችሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። አምስት ዓመት ሙሉ ላሜራና አንግል ብረት ሲበሳ የኖረ ማሽን ቸኩን አምስት ዓመት ሙሉ ሲያጠብቀው ነው የኖረው።

ሥራው እንግዲህ ማዞር አይደለም። ከጀርባው ገፍቶ ማውጣት ነው።

የኔ ማሽን የትኛው ዓይነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

እጀታውን ስባችሁ ቱቦውን እስከቻለ አውርዱትና ጎኑን ተመልከቱ። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ ሞላላ ቀዳዳ ካለ ማሽናችሁ ሞርስ ቴፐር ነው፤ ደስ ይበላችሁ፣ ማውጫው ተሠርቶላችኋል ማለት ነው። አነስተኛዎቹና መካከለኛዎቹ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ቁጥር 2 ናቸው፤ በወረቀታቸው ላይ ኤምቲ2 ተብሎ ይጻፋል። ከፍ ያሉት ቁጥር 3 ይሆናሉ።

ቀዳዳ ከሌለ ስፒንድሉ ራሱ ከታች ሾጣጣ አፍንጫ አለው፤ ቸኩ ያለ አርበር በቀጥታ እሱ ላይ ተሰክቷል። የጠረጴዛ ላይ ትናንሽ ማሽኖችና አንዳንድ አሮጌ የአሜሪካ ማሽኖች እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ዓይነት በማቆሚያ ላይ የታሰረ የእጅ ድሪል ነው፤ የእሱ ቸክ ግን እውነትም በጥርስ የታሰረ ነው፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ቀዳዳው አለ። እንዴት ላውጣው?

መጀመሪያ ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀሉ። ማብሪያውን መጫን አይበቃም፣ በተለይ መብራት በሄደበት ሰዓት። ብዙ አሮጌ ማሽኖች ማብሪያቸው እንደበራ ስለሚቀር መብራት ሲመጣ ራሳቸው ይነሳሉ፤ ያኔ እጃችሁ የት እንደሚሆን አስቡት።

ቱቦውን ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ እስኪታይ አውርዱት። ማሽኑ ቱቦውን የሚቆልፍ ቡሎን ካለው እዚያው ላይ ቆልፉት፤ ከሌለው ሞላው ወደ ላይ ስለሚስበው አንድ ሰው እጀታውን ይያዝላችሁ። ጠረጴዛውን ከፍ አድርጉና ጣውላ አስቀምጡበት፤ በቸኩና በጣውላው መካከል ሦስት ጣት ይበቃል። ባለ 16 ሚሊ ቸክ ከነአርበሩ ወደ ኪሎ ይጠጋል። በባዶ ብረት ላይ ከወደቀ መንጋጋው ይጎዳል፣ እግር ላይ ከወደቀ ደግሞ እናንተ።

አሁን ቸኩን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ስፒንድሉም የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ከቱቦው ቀዳዳ ጋር ሲገጥም ከማዶ ብርሃን ይታያል። ብርሃን ካላያችሁ አትምቱ። ብርሃኑ ከታች በኩል የተቆረጠ መስሎ ከታየ ትክክል ነው፤ የከለለው የአርበሩ ጠፍጣፋ ጫፍ ነው፣ ምላስ እንለዋለን። የምንገፋው እሱን ነው።

የቸክ ማውጫ ሽብልቁ አንድ ጠርዙ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ደግሞ ድቡልቡል ነው። ድቡልቡሉ ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው ወደ ታች ምላሱ ላይ ይሁን። በእጅ እስኪጠብቅ ግፉት፤ ከዚያ በትንሽ መዶሻ አጠር አጠር አድርጋችሁ ምቱት። ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፤ ሽብልቁ ሲጠብቅ እየቀጠነ ይመጣል፤ ከዚያ አንዱ ምት ላይ፣ ከሌሎቹ ያልበረታ ምት ላይ፣ ቸኩ ጣውላው ላይ ዱብ ይላል። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለውም።

ይህ ዘዴ የሚመረጠው ለምንድን ነው ብትሉ፣ ሽብልቁ በአንድ ጊዜ ስፒንድሉን ወደ ላይ፣ አርበሩን ወደ ታች ነው የሚገፋው። ትግሉ በሁለቱ መካከል ስለሚቀር ኩሽኔታዎቹ ከጉዳዩ ውጭ ናቸው ማለት ይቻላል።

ሽብልቅ የለኝም። በካቻቪቴ ይሆናል?

አንዳንዴ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ካቻቪቴው ይጣመማል ወይም የቀዳዳውን አፍ ይልጠዋል። ሽብልቅ መሥራት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለቁጥር 2 ከ5 እስከ 6 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ውሰዱ፤ ምናለሽ ተራ ወርዶ ይህን የሚያህል ቁራጭ ያጣ ሰው አላውቅም። በ10 ሳንቲም ርዝመት ውስጥ ስፋቱ አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል እንዲጨምር አድርጋችሁ ቁረጡት፣ አንዱን ጠርዝ በግራይንደር አድቦልቡሉት፣ ቀሪውን በሞረድ አለስልሱት። ጥቂቶች ከባሌስትራ ይሠሩታል፤ እኔ አልወደውም። ባሌስትራ ጠንካራ ስለሆነ መዶሻ ሲያርፍበት ስንጣሪው ሊፈናጠር ይችላል፤ ሽብልቅ ከማሽኑ ለስለስ ያለ ቢሆን ይሻላል።

ሽብልቁን ብመታ ብመታ አልነቃነቅ አለ። ምን ቀረኝ?

ከመጨመራችሁ በፊት ሽብልቁን አውጡና በባትሪ መብራት ቀዳዳውን እዩ። እኔ ካጋጠሙኝ ውስጥ ብዙዎቹ የማሽኑ ጥፋት አልነበሩም። የስፒንድሉ ቀዳዳ በትክክል አልገጠመም፣ ስለዚህ ሽብልቁ ምላሱን ሳይሆን የስፒንድሉን ግድግዳ ነበር የሚመታው። ወይም ድቡልቡሉ ጠርዝ ወደ ታች ዞሯል።

ሌላው ምክንያት ምላስ የሌለው አርበር ነው። ለፍሬዛ፣ ማለትም ብረትን ከጎን እየላጨ ለሚቆርጥ ማሽን የተሠራ፣ ጫፉ ላይ ምላስ በማስቀመጥ ፋንታ የቡሎን ጥርስ የተቆረጠበት አርበር አለ፤ ከጀርባው በረጅም ቡሎን የሚሳብ ነው። እሱን ያገኘ ሰው ድሪል ላይ ሰክቶት ከሆነ ጫፉ አጭር ስለሚሆን ሽብልቁ ከላዩ ባዶውን ያልፋል። ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ አስቀምጣችሁ ክፍተቱን ሙሉትና ሽብልቁን በእሱ ላይ ንዱት።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ካልወጣ ዝገት ነው። ዝገት በሚያስለቅቅ ስፕሬይ ወይም በነጭ ጋዝ ከላይ በቀዳዳው በኩል፣ ከታች ደግሞ አርበሩ ስፒንድሉ ውስጥ በሚገባበት መስመር ዙሪያ አጠጡት። ከዚያ ሽብልቁን አጥብቃችሁ ምቱና ተዉት። ተወጥሮ ይደር። ሌሊት በሰው በሌለበት ቤት ቸኩ ራሱ ወድቆ ጠዋት ጣውላው ላይ ያገኘሁት ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው ጣውላውን አታንሱ የምለው። ጠዋት ካልወደቀ ሽብልቁ እንደተወጠረ የስፒንድሉን ጫፍ ዙሪያውን በነሐስ ዘንግ ቀለል አድርጋችሁ አንኳኩ። ዝገትን የሚሰብረው ኃይል ብቻ አይደለም፣ መንቀጥቀጡም ነው።

ቸኩን ራሱን ከላይ በመዶሻ ብመታውስ?

ልጅ ሆኜ በተቀጠርኩበት አንድ ሥራ ቤት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ባለ ሁለት ኪሎ መዶሻ ይዤ የቸኩን ትከሻ ግራና ቀኝ እያፈራረቅኩ ደበደብኩት። ወጣ፤ እውነቱን ለመናገር አራተኛው ምት ላይ ወጣ። አዲሱን ቸክ አስገብተን ማሽኑን ስናስነሳው ግን ከቱቦው ውስጥ ቡና የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ መጣ። ቸኩ ላይ የማሳርፈው ምት ሁሉ ስፒንድሉን ቁልቁል እየጎተተ ኩሽኔታው ላይ ነበር የሚያርፈው፤ ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አበጅቼበት ነበር። በ10 ሚሊ ፑንታ የበሳነው ቀዳዳ ከ10 ሚሊ በላይ መሆን ጀመረ። አለቃዬ ምንም አልተናገሩም፤ የኩሽኔታውን ዋጋ ግን ከደሞዜ ላይ አየሁት።

ማሽኔ ቀዳዳ የለውም። ቸኩ በቀጥታ ስፒንድሉ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ከቸኩ በላይ ስፒንድሉ ላይ ዳዶ የመሰለ ቀለበት እንዳለ እዩ። አንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ያ ቀለበት በጥርስ የተጠመደ ነው፤ ቸኩን በእጅ ወይም በማሰሪያ ይዛችሁ ቀለበቱን በቁልፍ ወደ ታች ስታዞሩት ቸኩን ራሱ ይገፋዋል። ይህን የማያውቁ ሰዎች ከቀለበቱ አጠገብ በመሮ ሲታገሉ አይቻለሁ።

ቀለበት ከሌለ ሁለት ሹካ መሰል ሽብልቆች ያስፈልጋሉ፤ መሐላቸው ስፒንድሉን እንዲያቅፍ ተፈልቅቆ በአንዱ በኩል እየሳሱ የሚሄዱ። ሁለቱን ከተቃራኒ አቅጣጫ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጋችሁ በቸኩና በስፒንድሉ ትከሻ መካከል አስገቡና በሞርሳ ወይም በትልቅ መጨበጫ ጨምቋቸው፤ ቸኩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሽብልቁ የሚደገፈው በስፒንድሉ ላይ እንጂ በቱቦው አፍ ላይ ባይሆን ይመረጣል፤ ቱቦው ላይ ከሆነ ጫናው በኩሽኔታ በኩል ያልፋል። በቸኩ በኩል ደግሞ መሐለኛው አካል ላይ ይረፍ። በቁልፍ የሚዞረው ውጫዊ ቀለበት ተጨምቆ የገባ ብቻ ስለሆነ እሱን ብትገፉት ቸኩ ሳይወጣ ቀለበቱ ይወልቃል።

አርበሩ ከማሽኑ ወጣ፤ ቸኩ ግን ከአርበሩ አልለይ አለ።

እዚህ ያለው ሁለተኛ ሾጣጣ ነው። አርበሩ ወደ ስፒንድሉ በሞርስ፣ ወደ ቸኩ ደግሞ በአጭር ሾጣጣ ይገባል። በዚህ በኩል የሚገፋ ምላስም ሆነ ቀዳዳ የለም፤ ስለዚህ ይህኛው ይበልጥ ያስቸግራል። ቸኩ የተበላሸ ከሆነና አርበሩ ደህና ከሆነ፣ አዲስ ቸክ ከነአርበሩ መግዛት ከትግሉ ይረክስ እንደሆነ መጀመሪያ አስሉ።

ለመለየት ከቆረጣችሁ ሹካ ሽብልቆቹ እዚህም ይሠራሉ። ከሌሉ እኔ የምወደው መንገድ ይህ ነው፦ መንጋጋዎቹን እስከ መጨረሻው ክፈቱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። አንዳንዱ ቸክ መሐሉ ላይ እስከ አርበሩ የሚደርስ ቀዳዳ አለው። ከሌለው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ባለ ፑንታ መሐሉን ብሱት፤ የቸኩ ወለል መሐሉ ላይ እንደ መንጋጋው የጠነከረ ስላልሆነ ይበሳል። ፑንታው አርበሩን ሲነካ አቁሙ። ቸኩን ጀርባውን ወደ ታች አድርጋችሁ በወፍራም የቱቦ ቁራጭ ላይ አስቀምጡት፤ አርበሩ በቁራጩ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይሁን፣ ከሥሩም ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያ በመንጋጋዎቹ መካከል የብረት ዘንግ አስገብታችሁ በፕሬስ ግፉት፤ ፕሬስ ከሌለ አንድ ሁለት ቀጥ ያለ ምት። ቀዳዳው ቸኩን አያበላሸውም፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መንገዱ ተከፍቷል። ቁልፍ አልባ ቸክ ላይ ግን ይህን አታድርጉ፤ ውስጡ የሚጠብቅበት ቡሎን አለ፣ እሱን ነው የምትበሱት።

ማሞቅ ይረዳል?

ቸክን ከአርበር ለመለየት ይረዳል፤ አርበርን ከስፒንድል ለማውጣት ግን አልመክርም። ስፒንድሉን ስታሞቁ የኩሽኔታው ግራሶ ቀልጦ ይፈስሳል።

ጥቅሙን በቁጥር ላሳያችሁ። 16 ሚሊ ስፋት ያለውን የቸክ ጉድጓድ በ70 ዲግሪ ብታሞቁት የሚሰፋው 0.013 ሚሊ ያህል ነው፤ የጸጉር ውፍረት አምስተኛ ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሾጣጣው 20 ለ1 ስለሆነ ያ ስፋት ወደ ሩብ ሚሊ መንሸራተት ይቀየራል። አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ አለቀ። ቁም ነገሩ ቸኩ ሲሞቅ አርበሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ አብረው ከሞቁ አብረው ይሰፋሉና ምንም አላደረጋችሁም። ስለዚህ ፈጠን ብሎ ከውጭ ማሞቅ፣ ወዲያው መግፋት። የጸጉር ፎን ያዘግማል፤ የሙቀት ሽጉጥ ጥሩ ነው። በፈላ ውኃ የተነከረ ጨርቅ የሚጠቀሙም አሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ቸኩን ከመጠን በላይ ታሞቁታላችሁ የሚል ሥጋት የለም፤ ማድረቁን ግን አትርሱ። የብየዳ ነበልባል አታስጠጉ። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ የመንጋጋው ጥንካሬ ሄዷል።

ፍሬን ዘይት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሎሚ?

አይ። ፍሬን ዘይት ቀለሙን ይልጠዋል፤ ሌሎቹ ነገ ለሚመጣ ዝገት ነው የሚጠቅሙት።

አዲሱን እንዴት ላስገባ? ለሚቀጥለው ጊዜ እንዳይጣበቅ ግራሶ ልቀባው?

ግራሶ አትቀቡ። ሾጣጣ የሚይዘው ብረት ብረትን ሲነካ ነው፤ ግራሶ ካለ ወይ ይንሸራተታል ወይ ሥራ ላይ ይወድቃል። ጉድጓዱን ጣት ላይ በተጠቀለለ ንጹሕ ጨርቅ በቤንዚን ጥረጉት፤ እሳትና ሲጋራ ራቅ ይበል። ከዚያ ደረቅ ጣታችሁን አስገቡና ዳብሱት፤ ጣት ዓይን የማያየውን ብናኝ ያገኛል። ሰንበር ካለ ከፍ ያለውን ብቻ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ነካ አድርጉት፤ ጉድጓዱን በሙሉ አትፈግፍጉ፣ ቅርጹ ይጠፋል።

መንጋጋዎቹን ወደ ውስጥ መልሱ፤ ጫፋቸው ወጥቶ ከተመታ ይዛነፋሉ። የአርበሩን ምላስ ከስፒንድሉ ቀዳዳ ጋር አስተካክላችሁ በእጅ ወደ ላይ ወርውሩት፤ "ጧ" ብሎ መያዝ አለበት። ከዚያ በእንጨት ወይም በጎማ መዶሻ ከሥር አንድ ሁለት ምት። ይህ በቂ ነው።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው ሆነብኝ፤ ቸኩ ሥራ ላይ እያለ ይወድቃል።

ዘይት ወይም ብናኝ ካልሆነ፣ ሁለቱ ሾጣጣዎች አይዛመዱም። ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት የአጭር ሾጣጣ ዓይነቶች አሉ፦ ቢ16 እና ጄቲ33። ትልቁ አፋቸው በቅደም ተከተል 15.73 እና 15.85 ሚሊ ነው፤ በካሊፐር እንኳ ቢለኩ አንድ ይመስላሉ። ዘንበላቸው ግን ይለያያል፤ ቢ16 ልክ እንደ ሞርስ 20 ለ1፣ ጄቲ33 ወደ 16 ለ1 ነው። አንዱ በአንዱ ላይ ሲሰካ የሚያያዘው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ይይዛል፣ በሁለተኛው ይወድቃል። ለመለየት አርበሩ ላይ ከላይ እስከ ታች ሦስት መስመር በእርሳስ አስምሩ፣ ቸኩ ውስጥ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሩብ ዙር አዙሩና አውጡት። እርሳሱ ከላይ እስከ ታች ከደበዘዘ ደህና ነው። በአንድ ጫፍ ብቻ ከጠፋ ሌላ አርበር ፈልጉ።

ሌላው ምክንያት ድሪሉን ፍሬዛ ማድረግ ነው። ሾጣጣ የሚችለው ቁልቁል ጫናን ነው፤ ከጎን ገፍታችሁ ስትበሉበት እየተንቀጠቀጠ ይለቃል። እየዞረ የሚወድቅ ቸክ ደግሞ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

በሙጫ ባጣብቀውስ?

የሚቀጥለው ሰው ይረግማችኋል፤ የሚቀጥለው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ራሳችሁ ናችሁ።

የተቀረቀረው ፑንታው ነው፤ ቸኩ አልከፈት አለ።

ይህ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቸኩን ማውረድ አያስፈልግም። ቁልፉን በሦስቱም ቀዳዳዎች በየተራ ሞክሩ፤ አንዱ እምቢ ሲል ሌላው እሺ ይላል። ዝገት የሚያስለቅቀውን በመንጋጋዎቹ መካከል ነፍታችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ። በቁልፉ እጀታ ላይ ቱቦ አትሰኩ፤ የቁልፉ ጥርስ ይበላል።

የእጅ ድሪል ቸክስ?

እሱ እውነትም በጥርስ ነው። መንጋጋዎቹን ክፈቱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ወለሉ ላይ ትንሽ ቡሎን ታያላችሁ። ያ ቡሎን ብዙውን ጊዜ የግራ ጥርስ ነው፤ ማለትም እናጠብቅ ስንል በምናዞረው አቅጣጫ ነው የሚፈታው። ሳታውቁ በተለመደው ከታገላችሁት ራሱን ትቀነጥሱታላችሁ። እሱ ከወጣ በኋላ ትልቅ ኤል ቁልፍ በቸኩ ውስጥ አስራችሁ ማርሹን ዝቅተኛው ላይ አድርጉና የኤሉን ክንድ ቸኩ በሚፈታበት አቅጣጫ በመዶሻ አንድ ጊዜ ቆፍጠን አድርጋችሁ ምቱት። ጥርሱ በብዙዎቹ ላይ ግማሽ ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ነው፤ በሌሎች ግን ይለያያል፤ ስለዚህ አዲስ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን በኪሳችሁ ያዙ።